ክፍሉን ሊያዩ ነው የመጡት

በወደብ ከተማዋ በኪሉንግ ዝናብ ሲዘንብ ማንም ቀና ብሎ አያይም፤ ሰው አንገቱን ደፍቶ ጃንጥላውን ዘርግቶ ያልፋል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ባኦጁ ጃንጥላዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ሽቅብ ታይ ነበር። የምታየው ሰማዩን አልነበረም። ወደቡ ዳር ቆሞ ከተማዋን ያሳነሰውን ነጭ መርከብ ነው።

«እማዬ፣ አንገትሽን ያምሻል!» አለ ልጇ ዌንካይ እየሳቀ። «ከላይ ሆነሽ ቁልቁል ታዪዋለሽ እኮ። የእኛ ያ ነው፤ ከጫፉ ላይ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው።»

«ያ ሁሉ የእኛ ነው?»

«ያ ሁሉ ያንቺ ነው። እኔና ጂያሊን ከጎንሽ ነን» አለ ሚስቱን እየጠቆመ።

ባኦጁ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ላይ ከቀረ ወዲህ፣ ከአንድ መቅደስ አጠገብ ባለ ገበያ በአንዲት ጋሪ ላይ የተድበለበለ ዓሣ በሾርባ እየሸጠች ይህን አንድ ልጅ አሳድጋለች። ልጁ ተማረ፣ መሐንዲስ ሆነ፣ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ፤ ከዚያም የመጀመሪያ ሥራው የእናቱን ጋሪ ማስዘጋት ሆነ። «ከእንግዲህ አንቺ ቁጭ ብለሽ ሌላው ያቀርብልሻል» ብሏት ነበር። ይኸው ዛሬ ቃሉን ሊያሳያት ነው።

የመሳፈሪያው አዳራሽ በሰው ተጨናንቋል። ሰልፉ ተጠማዞ፣ ታጥፎ፣ እንደገና ተጠማዞ መጨረሻው አይታይም። ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሽማግሌዎች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዌንካይ ግን ሰልፉን ዞር ብሎም አላየው። እናቱን ክንዷን ይዞ በሌላ በር አስገባት። እዚያ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ አንዷ ወጣት ፓስፖርታቸውን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ሌላዋ ትኩስ ፎጣና ሻይ አቀረበች።

«እኛ አንሰለፍም?»

«ስዊት ለያዘ ሰው ሰልፍ የለም እማዬ፤ የመርከቡ ምርጥ ክፍል እኮ ነው። ገና ምኑን አይተሽ!»

ባኦጁ ፎጣውን ይዛ፣ ምን እንደምታደርግበት ግራ ገብቷት፣ በመስታወቱ ማዶ ወደ ሰልፉ ተመለከተች። ያኔ አየችው። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ትንሽ ቦርሳ አንግቶ ቆሟል። ሌሎቹ ሁሉ ወደ ፊት ያያሉ፤ እሱ የሚያየው እሷን ነው።

ሆንግ ዲንግሻን! እሷ አሻን ነው የምትለው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ያላገባ፣ በየማለዳው በወደቡ መናፈሻ ድምፅ ማጉያውን ከብስክሌቱ ጀርባ አስሮ እየመጣ ሴቶችና ወንዶችን ዳንስ የሚያስጨፍር ሰው ነው። ጋሪዋ ከተዘጋ በኋላ ቤት መቀመጥ ጨንቋት ወደ መናፈሻው የሄደች ዕለት፣ «አንቺ ቆመሽ ከምታዪ እግሬን ብትረግጪኝ ይሻላል» ብሎ እጁን ዘረጋላት። ረገጠችው። ከዚያ በኋላ እጁን ለሌላ ሴት ሲዘረጋ ማየት አልቻለችም።

ስለ ጉዞው ስትነግረው ስቆ ነበር። «መርከቡ ሆድ ውስጥ መስኮት የሌላት ክፍል አለች አሉ። እሷን እይዛለሁ። ባሕሩን አንቺ እዪልኝና ንገሪኝ።» ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ «ባኦጁ፣ በየብስ ለልጅሽ መናገር ካቃተሽ በባሕር ንገሪው። እዚያ የሚሸሽበት የለውም» አላት። እሷም መርከቡ ላይ እነግረዋለሁ ብላ ቃል ገባች። እሱም እሳፈራለሁ ያለው ግን ቀልድ መስሏት ነበር።

እጇ ሳታዘው ብድግ አለ።

«ለማን ነው?» አለ ዌንካይ።

«ለማንም። ዝንብ ነው።»

በመስታወቱ ማዶ ዲንግሻን ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ፣ ፊቱ እስኪበራ ፈገግ አለላት። ሰላምታ መስሎታል። ባኦጁ ፎጣውን ፊቷ ላይ አደረገችው፤ ሙቀቱ የፎጣው ይሁን የእፍረቷ መለየት አቃታት።

*

ወደ ላይ የወጡት በራሳቸው ሊፍት ነው። ዌንካይ ለእናቱ የተሰጠውን ወርቃማ ካርድ አንገቷ ላይ ሲያንጠለጥልላት ሜዳልያ የሚሸልም ሰው ይመስል ነበር። ካርዱ የላይኛውን በር ሁሉ ይከፍታል፤ ለስዊት እንግዶች ብቻ የሆነውን ምግብ ቤት፣ ወንበር የማይሻሙበትን የፀሐይ መሞቂያ፣ ሻይ ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥበትን ሳሎን።

በክፍሉ በር ላይ ሮዴል የሚባል ፊሊፒናዊ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው። «እመቤቴ፣ ልብስዎን አውጥቼ ልስቀልልዎ? ገንዳውም ተዘጋጅቷል።»

ባኦጁ መታጠቢያ ቤቱን ከፍታ አየችና ደንግጣ ተመለሰች። «ገንዳው ውስጥ አበባ ተበትኗል። ማን ሞቶ ነው?»

ዌንካይና ጂያሊን ሳቁ፤ ሮዴልም እንደ ምንም ሳቁን ዋጠ። ዌንካይ ከክፍል ክፍል እየዞረ ትራሱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ በረንዳው ላይ ያለውን መኝታ ያሳያት ጀመር። የሚያየው ግን ዕቃውን ሳይሆን የእሷን ፊት ነው። ደስ ብሏት እንደሆነ ይፈልጋል። ደግሞም ደስ ብሏት ነበር። ከአልጋው ላይ ስትቀመጥ ዕድሜ ልኳን የቆመችበት ድካም ከእግሮቿ ሲወጣ ተሰማት። ደስ ባላት ቁጥር ደግሞ መስኮት የሌላት ክፍል ትዝ ትላታለች።

ማታ ትርዒት ነበር። ለስዊት እንግዶች የፊተኛው ረድፍ ተይዟል። ባኦጁ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ዞረች፤ ከመድረኩ የሚመጣው ብርሃን ዓይኗ ላይ ስለሚያርፍ የኋለኛው ሕዝብ ሁሉ አንድ ጨለማ ሆነባት። ሲያልቅ በጎን በር አስወጧቸው፤ ሊፍቱ ተከፍቶ ይጠብቃል። በሩ ሲዘጋ፣ በሁለቱ መዝጊያዎች ክፍተት፣ ከዋናው በር አጠገብ በግፊያው መሃል ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ የቆመ ሰው አየች። የሚያልፈውን ፊት ሁሉ አንድ በአንድ ይመረምራል።

በማግስቱ መርከቡ በጠራ ባሕር ላይ ሲሄድ፣ ከላይኛው ሰገነት የብረት ድጋፍ ላይ ተደግፋ ቁልቁል አየች። ከታች በሰፊው ወለል ላይ ሙዚቃ አለ። ዲንግሻን መቼም አይቀመጥ! ሰው ሰብስቦ እያስጨፈረ ነው። ቀይ ሻርፕ ያደረገች ወይዘሮ ከት ብላ ትስቃለች፤ ባኦጁም ያቺን ሴት በዓይኗ ልትገፈትራት ምንም አልቀራት። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጨፍሩት ዋልስ ሲጀምር ግን ዲንግሻን ማንንም አልያዘም። አንድ ክንዱን በወገብ ከፍታ አጠፈ፣ ሌላውን ዘረጋ፣ ባዶ አየር አቅፎ ብቻውን ይዞር ጀመር። በዞረ ቁጥር ቀና ይላል።

ባኦጁ ከአጠገቧ ፎጣ የሚያጥፈውን ሮዴልን ጠራችው። «ልጄ፣ ከታች ያለ ሰው ወደዚህ መምጣት ይችላል?»

«ወደ ምግብ ቤቱና ወደዚህ አይችልም እመቤቴ። ወደ ክፍልዎ ግን፣ እርስዎ ከጠሩት የእርስዎ እንግዳ ነው።»

«የእኔ እንግዳ» አለች ለራሷ። ቃሉ አፏ ውስጥ ጣፈጣት።

*

ዌንካይና ሚስቱ ከሰዓት በኋላ ለመታሸት ሄደዋል። ሮዴል ከዳንሱ ወለል ጠርቶ ያመጣውን እንግዳ በሩን አንኳኩቶ አስገባና ሻይ አቅርቦ ወጣ።

ዲንግሻን ደጃፉ ላይ ቆመ። «ጫማዬን ላውልቅ?»

«ኧረ ግባ! ምን ይሆናል?»

«ይሄ ምንጣፍ የአውቶቡስ ሾፌር ጫማ ለምዶ አያውቅም።» ቀስ ብሎ እየረገጠ በረንዳው ላይ ወጣ። ባሕሩ ከእግራቸው ሥር እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል። «አሁን ገባኝ» አለ በመጨረሻ፣ «ለምን እንዳልወረድሽ።»

«አሽሟጠጥከኝ?»

«ትንሽ።»

ሳቁ። ሻዩን ቀዳችለት። ጽዋውን ሲቀበላት እጇን አብሮ ያዘና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «አሁንም ዓሣ ዓሣ ይላል።»

«በአበባ ነው የታጠብኩት እኮ!»

«አበባውን አሸንፎታላ!»

ባኦጁ ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህን ሽታ ለማጥፋት በሳሙና፣ በሎሚ፣ በሆምጣጤ ስትፈትግ ኖራለች። ሽታውን ወዶ ያሸተተው ከሰው ሁሉ ይህ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ነገርሽው?» አላት።

«ዛሬ ማታ።»

«ከመሳፈራችን በፊት መርከቡ ላይ አልሽ። ይኸው መርከቡ ላይ ነን።»

«አታውቀውም አሻን። ይህን ሁሉ ያደረገው ለእኔ ነው። ፊቱን ብታየው! እንደ ሕፃን ነው የሚፈነድቀው። እንዴት ደስታውን ላበላሽበት?»

«እኔ ደስታ የማበላሽ ነኝ?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አላልሽም» አለ በለሆሳስ። እጇን ግን አልለቀቀም። «ስሚኝ። ቤቴ ጠባብ ናት፤ ዝናብ ሲበረታ ኩሽናው ያፈሳል። እንዲህ ያለ ነገር አልሰጥሽም። ሰው ሁሉ እያየን ክንዴን ይዘሽ ገበያ መሃል መግባት፣ እሱን ብቻ እፈልጋለሁ። እምቢ ካልሽም እዚሁ ንገሪኝ፤ ባሕር እያየሁ መስማት ይሻለኛል።»

«እሺ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። በሩ ተከፈተ።

«እማዬ! የምታሸን ልጅ ታማ ነገ ኑ አሉን...» ዌንካይ ሳሎኑ መሃል ላይ ቆመ። ዓይኑ ከሁለቱ ጽዋዎች ወደ ሰውየው ሄደ፤ ከሰውየው ወደ እናቱ እጅ። ባኦጁ እጇን ነጥቃ ወስዳ ነበር። ከኋላው ጂያሊን ብቅ አለች።

«ማን ናቸው?» አለ ዌንካይ።

ባኦጁ ብድግ አለች። «እ... እሳቸው... የመናፈሻው ሰው ናቸው። የማውቃቸው ናቸው፤ ታች ነው ያሉት። ስዊት ክፍል አይተው አያውቁም፤ ክፍሉን ሊያዩ ነው የመጡት።»

እሳቸው አለችው! ከአፍታ በፊት አሻን ያለችውን ሰው፣ እጇን በአፍንጫው የዳሰሰውን ሰው፣ አክብራ አራቀችው።

ዲንግሻን ጽዋውን በጥንቃቄ አስቀመጠ። ባርኔጣውን ከወንበሩ ላይ አነሳ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጋ አጣች፤ ቢቆጣ በቀለላት ነበር።

«አዎ፣ ክፍሉን አየሁ» አለ። «ሰፊ ነው።» በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ዌንካይ ዞር አለ። «እናትህን ጥሩ ቦታ አስቀምጠሃታል ልጄ። እዚህ ሆና ሰው አይደርስባትም።»

በሩ ሲዘጋ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። በዚያ መርከብ ላይ የላይኛው ፎቅ በር ሁሉ በቀስታ ነው የሚዘጋው።

«አንቺ እኮ ደግ ነሽ፣ ሰው ይጠቀምብሻል» አለ ዌንካይ። «ዛሬ ክፍል ልይ ብሎ፣ ነገ ምን ሊጠይቅ ነው?» ከዚያ ሮዴልን ጠርቶ፣ ከእንግዲህ ለእሱ ሳይነገር ማንም እንዳይመጣ አዘዘ። ባኦጁ ሁለተኛውን ጽዋ አነሳች። ገና ትኩስ ነው። እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

*

ልትፈልገው ወረደች። የክፍሉን ቁጥር አታውቅም፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ በፈገግታ፣ «የሌላ እንግዳ ክፍል መናገር አይፈቀድልንም እመቤቴ። ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?» አለቻት። በሰፊው ቡፌ፣ በመተላለፊያው፣ መስኮት በሌላቸው ክፍሎች በሮች ፊት ለፊት ዞረች። ሁሉም በር አንድ ነው።

ከዳንሱ ወለል ላይ ባለ ቀይ ሻርፏን ሴት አገኘቻት። ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ያለውን ወርቃማ ካርድ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የላይኛዋ አንቺ ነሽ?»

«አቶ ሆንግን ፈልጌ ነው።»

«እኛ ማዕድ ላይ ነው የሚበላው። ትናንት ሙሉ ቀን ስላንቺ ሲለፈልፍ አሰልችቶን ነበር፤ ልጅሽን አዝለሽ እንዴት ጋሪ እንደገፋሽ ሳይቀር ነግሮናል። ዛሬ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ ብሎ ከተመለሰ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣውም። ምን አቀመሳችሁት?»

ባኦጁ ካርዱን በመዳፏ ሸፈነችው።

ሴትዮዋ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «ነገ መርከቡ የሚያርፍባት ኢሺጋኪ ደሴት ላይ ወርዶ በአውሮፕላን ሊመለስ ነው። ከመርከቡ ሰዎች ፈቃድ ጠይቋል። ልንገርሽ ብዬ ነው፤ ለእሱ እንጂ ላንቺ አዝኜ አይደለም።»

የዚያን ምሽት እራት በላይኛው ምግብ ቤት ነበር። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከቅርፊቱ ጋር የቀረበ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ፀጥታ። ባኦጁ አንድ ጉርሻ ማውረድ አቃታት።

«አልጣፈጠሽም? ይቀየርልሽ» አለ ዌንካይ። አስተናጋጁ ወዲያው መጣ፣ ሳህኑን አነሳ፣ ሌላ አመጣ። እሱንም አልበላችውም። ሌላ ይምጣ? ሁሉም ነገር ይቀየራል እዚህ። የተናገረችው ብቻ አይቀየርም።

«ዌንካይ፣ የምነግርህ ነገር...»

«ቆይ እማዬ፣ እኔ ልቅደም።» ብርጭቆውን አነሳ። «አባዬ ከሞተ ወዲህ ለብቻሽ ነው ያሳደግሽኝ። ማንንም አላስገባሽብኝም። እኔም እንዳልረሳሁት እንድታውቂ ብቻ ነው። ለእናቴ!»

ጂያሊን ዓይኗን ጠረገች። ባኦጁ ብርጭቆዋን አነሳች። ማንንም አላስገባሽብኝም ላለው ቃል ጠጣችለት፤ ልትነግረው የጀመረችውንም ተወችው።

*

ኢሺጋኪ ላይ ፀሐይዋ ትጠብሳለች። የስዊት እንግዶች ከሁሉ በፊት ወረዱ፤ ከአዳራሹ ውጪ ለእነሱ የታዘዘ ጥቁር መኪና በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ጂያሊን ገባች። ባኦጁ አልገባችም።

«ነይ እማዬ፣ ሌላው ሕዝብ ሳይፈስ እንሂድ።»

«እሱን ነው የምጠብቀው።»

«ማንን?»

«ሌላውን ሕዝብ።»

ዌንካይ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን ተወ። ጥላ ወዳለበት ሊወስዳት ክንዷን ያዘ፤ እሷም ቀስ ብላ አስለቀቀችው። ሰው መውጣት ጀመረ። ቤተሰቦች፣ ሽማግሌዎች፣ ባለ ቀይ ሻርፏ ሴት። የባኦጁ ፊት በላብ ተጠመቀ፤ አንድም ፊት ሳያመልጣት ታያለች። አሁን ያን ማታ ከትርዒቱ በር ላይ እሱ እንዴት እንደቆመ ገባት።

በመጨረሻ ወጣ። ቦርሳውን አንግቷል። አየችው፤ እሱም አያት። አንገቱን ሰበር አድርጎ በአክብሮት ሰላም ብሏት ሊያልፍ ሲል፣

«አሻን!»

ጮኸች እንጂ አልተጣራችም። ሰው ሁሉ ዞረ። ዌንካይ ቀላ። «እማዬ፣ ሰው እያየን ነው!»

«ይየን።» ወደ ልጇ ዞረች። «ትናንት ዋሸሁህ። ክፍል ሊያይ አልመጣም። እኔ ነኝ የጠራሁት። አሻን ይባላል፤ የምወደው ሰው ነው። አግቢኝ ብሎ ጠይቆኝ እሺ ልለው ስል ነው በሩን የከፈትከው።»

ዌንካይ ዲንግሻንን በጣቱ ጠቆመ። «ይሄን... ይሄን ሰውዬ? የመናፈሻውን... እማዬ፣ እኔ ይሄን ሁሉ የለፋሁት ማንም ዝቅ አድርጎ እንዳያይሽ ነው! ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም አውቃለሁ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ትምህርት ቤትህ በር ላይ ምሳ ይዤልህ የመጣሁ ቀን። ልጆቹ ማናት ሲሉህ፣ ጎረቤታችን ናት አልካቸው።»

የዌንካይ ፊት ደም ያልነበረበት ይመስል ነጣ። «ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ። እናትህ ምሳ ልካልሃለች ብዬህ ሄድኩ።»

«ለምን ዝም አልሽኝ? ይሄን ሁሉ ዓመት...» ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ፣ በዚያ ውድ ሱሪው፣ ቁጭ አለ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ልጅ ነበርክ። ልጅ ያፍራል፣ ይተውለታል። ትናንት ግን እኔ ያንኑ አደረግኩ። እኔ ልጅ አይደለሁም ዌንካይ።»

ዲንግሻን ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ባኦጁ ወደ እሱ ቀረበች፤ ክንዱን ልትይዝ እጇን ሰድዳ መለሰችው።

«አላስቀርህም» አለችው። «ሂድ። ሰው እየሰማ ሳልናገር እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

«አውቶቡስ ስነዳ» አለ ዲንግሻን መሬት መሬት እያየ፣ «ስንቱ ሰው ፊቴን ሳያይ ወርዷል። አልከፋኝም፤ ሾፌርን ማን ያያል? ትናንት ግን ከፋኝ ባኦጁ። ቤቴ የደረስኩ መስሎኝ ነበር።»

አለቀሰች። ሰው ከብቧቸዋል፤ አንዳንዱ ያንሾካሹካል። አላፈረችም። ያመማት ሌላ ነው፤ ይህን ሰው ምን ያህል እንዳቆሰለችው ከራሱ አፍ መስማት።

«ወደ መርከቡ ግን አልመለስም» አለ ቆይቶ። «ቂም አይደለም። በሩ በዛብኝ።»

«እንግዲያው አብሬህ ልሂድ።»

ቀና ብሎ አያት። «ያን ሁሉ ትተሽ?»

«እሺ ልልህ ነበር አልኩህ እኮ። ይኸው፣ እሺ።»

ዲንግሻን ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፀሐይ ያቃጠላትን ራሷን ሸፈነላት፣ ክንዱን አጥፎ ሰጣት። ባኦጁ ክንዱን ያዘች።

ዌንካይ ከተቀመጠበት ተነሳ። ዓይኑ ቀልቷል። እናቱን አላያትም፤ ሰውየውንም አላየውም። «መሃል መንገድ ላይ ለሚወርድ ሰው የመርከቡ ሹም መፈረም አለበት» አለ በሻከረ ድምፅ። «እኔ እጨርሰዋለሁ።» ወደ አዳራሹ ተመልሶ ገባ። ጂያሊን ከመኪናው ወርዳ ለአማቷ ውሃ አመጣችላት። «እማማ፣ ይጠጡ» አለች፤ ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም፤ ባኦጁም እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ዝምታ ታመሰግናታለች።

ዌንካይ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሻንጣ እየጎተተ ወጣ። አስተናጋጅ አላዘዘም፤ ራሱ ነው ያጠፈው፤ የቀሚስ ጫፍ በዚፑ ተነክሶ ይታያል። ፓስፖርቷን ሰጣት። ሻንጣውን ግን ወደ ዲንግሻን ነው የገፋው።

«እናቴ ከባድ ነገር አታንሳ» አለ። «ጀርባዋን ያማታል።»

«አውቃለሁ» አለ ዲንግሻን።

«ያውቃሉ?»

«ብርድ ሲሆን ይብስባታል። በግራ በኩል።»

ዌንካይ በግራ በኩል መሆኑን አያውቅም ነበር። ባኦጁ ይህን ከልጇ ፊት ላይ አነበበችው። ያ ሰፊ ትከሻው ድንገት የልጅ ትከሻ ሆነባት፤ ሮጣ ሄዳ ልታቅፈው፣ ሻንጣውን ልታስመልስ፣ ከእሱ ጋር ወደዚያ ነጭ መርከብ ልትመለስ ወደደች። መውደዷ መላ አካላቷን ጎተታት። እጇ ግን በዲንግሻን ክንድ ውስጥ ነበር፤ አላወጣችውም።